«ፕራዮሪታይዝ» ስለሚባለው ግስ ለወጣት ባልደረቦቼ

ውድ ወጣቶች፣

በአርትዖት ሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ወጣቶች በእንግሊዝኛ በሚጽፏቸው ማመልከቻዎችና ሪፖርቶች ውስጥ «ፕራዮሪታይዝ» የሚለውን ግስ ያህል እየተደጋገመ የሚገባ፣ ግን እምብዛም ቁም ነገር የማያስተላልፍ ቃል አላየሁም። ሥሩ «የቀደመ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ነው። ስሙ «ፕራዮሪቲ» በእንግሊዝኛ ለበርካታ ምዕተ ዓመታት ሲያገለግል ቢኖርም፣ ግሱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው፤ የቢሮ ቋንቋ ነው ብለው የናቁትም ነበሩ።

ግሱ ሁለት ፍቺ አለው፤ ነገሮችን እንደ አስፈላጊነታቸው በተራ መደርደር እና አንዱን ከሌሎች ማስቀደም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ይሁንና አለቃችሁ አምስት ሥራዎችን ዘርዝሮ «ፕራዮሪታይዝ ዚዝ ታስክስ» ብሎ ቢጽፍላችሁ፣ አምስቱን በቅደም ተከተል አስቀምጡ ማለቱ ነው ወይስ ሌላውን አቆይታችሁ እነዚህን ያዙ ማለቱ? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ስለሚሸከም፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁት።

ግሱ ተሻጋሪ በመሆኑ ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ይወስዳል። እኛ ግን «ለደኅንነት ቅድሚያ እንሰጣለን» ማለት ስለለመድን፣ ያቺ «ለ» ሳናስባት ወደ እንግሊዝኛው ትሻገርና በግሱና በ«ሴፍቲ» መካከል «ቱ» ወይም «ፎር» ሆና ትደነቀራለች። «ቱ» ቦታ የሚኖራት «ጊቭ ፕራዮሪቲ» ስትሉ ነው። ግሱን በ«ዜድ»ም በ«ኤስ»ም መጻፍ ይቻላል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አታደባልቁት እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስተውሉት የምፈልገው «ኦቨር»ን ነው። «አይ ፕራዮሪታይዝ አኪዩረሲ ኦቨር ስፒድ» ብሎ የጻፈ ሰው ትክክለኛነትን ከፍጥነት እንደሚያስቀድም፣ ግድ ከሆነም ሥራው መዘግየቱን እንደሚቀበል ተናግሯል። ጥራትን፣ ፍጥነትንና የደንበኛን እርካታ በአንድ ትንፋሽ «አስቀድማለሁ» ያለው ግን፣ ከኋላ የቀረ ነገር ስለሌለ፣ ምንም አልተናገረም፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን መስመር ሳልራራ እሰርዘዋለሁ። ጠንቃቃ ቀጣሪም በቃለ መጠይቁ የሚይዛችሁ ከ«ኦቨር» በኋላ ባለው ነው፤ የትኛውን ሥራ እንዳቆያችሁ፣ በመዘግየቱ ማን ቅር እንደተሰኘና ምን ብላችሁ እንዳስረዳችሁት ለመናገር ተዘጋጅታችሁ ግቡ።