በጥር ጎንደር ላይ ሦስት ቀን ካለሽ፦ ወፍ ለማየት ተራራ ወይስ ጣና?

እህቴ፣ «ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በጥር ሦስት ቀን ጎንደር እቆያለሁ፤ ወፍ ለማየት ሰሜን ተራራ ልውጣ ወይስ ጣና ልውረድ?» ብለሽ ነበር። እኔ ብሆን ከቦታው በፊት የማድርበትን ከተማ እመርጣለሁ። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው።

መጀመሪያ ጣና ዳር ወዳለው የፎገራ ሜዳ የሄድኩ ቀን ጎንደር አድሬ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ተዝናንቼ ተነሳሁ። እስከ ወረታ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሸሸርና ወለላ ረግረግ የሚያስገባው የመረሬ መንገድ አለ። ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል፤ ውሃው ዳር ጥቂት ዝይ ብቻ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሳቀብኝና «ማልደው ወጡ እኮ! ሽምብራ ማሳ ላይ ናቸው» አለኝ። ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡትን ግራጫ ክሬኖች፣ እግረ ረጃጅሞቹን ትልልቅ ወፎች፣ ማለቱ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ ለቀማ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ወረታ አድሬ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ረግረጉ ዳር ደረስኩ። መጀመሪያ ጭጋግ ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው፣ እንደ ተሰነጠቀ መለከት። ከዚያ አሥር፣ ሃያ እየሆኑ በራስሽ ላይ ያልፋሉ። ዘውድ ያላቸው የአገራችን ክሬኖችም እዚያው አካባቢ ይታያሉ። ክረምት ላይ ግን አትሞክሪው፣ ሜዳው ጎርፍ ነው።

ሰሜን ተራራ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጎንደር አድረሽም ይደረሳል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ መግቢያውን ትከፍያለሽ፣ ስካውት፣ ማለትም አብሮሽ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ፣ ይሰጡሻል። ትልልቆቹ አሞራዎች ፀሐይ ገደሉን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ እስኪነሳ ስለሚጠብቁ መቸኮል የለብሽም። ሳንቃበር ገደል አፋፍ ላይ ብትቀመጪ ከእግርሽ በታች ሲያንዣብቡ ጀርባቸውን ታያለሽ። አጥንት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረውን ጢማሙን አሞራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ያውም ከሩቅ። መንቁረ ወፍራሙ ቁራ ግን ምሳሽን ሊቀማሽ ይመጣል።

ሦስተኛው ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ነች፤ በቆላ ድባ አድርገሽ 60 ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ትንሽ ነው። እዚያም እደሩ። ጠዋት ሐይቁ ሳይናወጥ ጀልባ ተከራዩና ደንገል ያለበትን ዳር ተከተሉ። እምቦጭ የሸፈነውን ጀልባውም አይገባበትም። ልጆችሽ የሚወዱት ጥቁርና ነጭ የሆነችዋን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው፤ አየር ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ትቆይና እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ትወድቃለች።

ሦስቱንም በሦስት ቀን አትይዢም፤ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ልጆች ስላሉ ተራራውን ትቼ አንድ ሌሊት ጎርጎራ፣ አንድ ሌሊት ወረታ አድር ነበር። የፋሲል መዋኛ ዛፎችም ጥሩ ናቸው፣ ግን የጥምቀት ሰሞን እዚያ ወፍ ፍለጋ አትሂጂ፤ ውሃ ሞልቶ ሰው ከሰው አይተላለፍም።

ከመነሳትሽ በፊት የዚያን ሳምንት የመንገድ ሁኔታ ሹፌሮችን ጠይቂ። ባይኖኩላርም ሁለት ያዢ፣ አንዱ ልጆቹን ያጣላቸዋል።