አንገቱን ከመቁረጥሽ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የክሊንጎኖቹ መርከብ አንገት አይዋጥልኝም። የጦር መርከብ ነው እያሉ አንድ ምት የሚበጥሰው ቀጭን አንገት! አሳጥሬ ላወፍረው?» አለችኝ። ስልኳ ላይ የሣለችውን አሳየችኝ። እጇ ጥሩ ነው። ቡናዬን ጨልጬ «አስቤ እነግርሻለሁ» ብያት ተነሳሁ። ያን አንገት እኔም አንድ ጊዜ ቆርጬዋለሁ።

መርከቡን ለማታውቁት ላስረዳ፤ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስታር ትሬክ በ1966 የጀመረ፣ እስከ ዛሬም ያላለቀ የጠፈር ድራማ ነው። የጠላቶቹን የክሊንጎኖችን ዲ7 የሣለው ማት ጄፍሪስ ይባላል፤ የጀግኖቹን ኢንተርፕራይዝም የሣለው እሱው ነው። ዲ7 በ1968 በቴሌቪዥን ታየ። ፊቱ ድቡልቡል ራስ፣ ቀጥሎ ረጅም አንገት፣ ከኋላ የተዘረጋ ክንፍ፣ ከክንፉ ጫፎች ሥር ሁለት የሞተር ቱቦዎች። አራት ነገር ነው፣ በቃ። ትንሽ ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ ሊሥለው ይችላል።

ለእኛ ሥራው የመጣው ከውጭ ደንበኛ ነበር። ዲ7ን በአዲስ መልክ ሠርታችሁ በስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እየደራረበ ቅርጽ በሚያወጣ ማተሚያ) የሚወጣ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞዴል አድርጉልኝ አለን። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። የመጀመሪያውን ንድፍ እሱ አወጣ፤ አንገቱ 11 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ሁለት ጊዜ አትመን ሁለት ጊዜ ተሰበረብን። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አንገቱን አቁመን ስላተምነው ንብርብሮቹ እንደ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ ራሱ ሲከብድና አንገቱ ሲጎብጥ በንብርብሮቹ መካከል ይላቀቃል። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ሰባት ሰዓት ከታተመ በኋላ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ፣ ግን የቀዘቀዘው ፕላስቲክ ከአዲሱ ጋር በደንብ ስላልተያያዘ ስንጥቁ አንገቱ መሃል ላይ ቀረ።

ልጁ መላ ነበረው። አንገቱን ርዝመቱን ተከትለን ለሁለት እንሰንጥቀው፣ ሁለቱንም አጋድመን እናትም፣ መሃሉ ላይ 2.2 ሚሊ ሜትር ቦይ እንተው፣ በቦዩ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን የብስክሌት ጎማ ሽቦ አስገብተን በሱፐር ግሉ እንግጠመው አለ። ባሕር ዳር ውስጥ የብስክሌት ሽቦ ይጠፋል? የትም አለ። እኔ ግን ሞተሩ እዚህ፣ አዛዡ እዚያ፣ መሃል ላይ ይህ እንጨት የመሰለ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። አንገቱን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አሳጥረን ወደ 2.8 እናወፍረው አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ፣ «አንገቱ እኮ ነው መርከቡ» አለኝ። «ፊዚክስ ተማር» አልኩት።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። አንገቱ ሲያጥር ራሱ ክንፉ ላይ የተለጠፈ መሰለና ራሱን አሳነስነው። ራሱ ሲያንስ ክንፉ ገዘፈ፣ ክንፉን ከዳርና ከዳር 3 ሳንቲ ሜትር ከረከምነው። ክንፉ ሲጠብ ቱቦዎቹ እርስ በርስ ተጠጋጉ፣ ከሥር አንስተን ከላይ አደረግናቸው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ፋይሉን ላክን። የደንበኛው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ቆንጆ መርከብ ነው፤ የእነማን ነው?» ቀሪውን ክፍያ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ልጁ ምንም አላለም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ማየት የነበረብኝ ነገር ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። በ1979 ስታር ትሬክ ወደ ሲኒማ ሲመጣ ይህንኑ መርከብ አድሰውታል። የ1968ቱ ሞዴል ገጹ ለስላሳ ነው፤ ለትንሽ የቴሌቪዥን መስኮት ይበቃው ነበር። ለሰፊ የሲኒማ ሸራ ግን ባዶ ስለሚሆን ገጹን በሳህን፣ በቧንቧና በመስመር ሞሉት። ጥላውን፣ ማለትም የውጭ ቅርጹን፣ ግን አልነኩም፤ ሁለቱን በጥቁር ቀለም ብትሞሏቸው ብዙ ሰው አይለያቸውም። በ1984 ደግሞ ክንፉ የሚንቀሳቀስ ትንሽ መርከብ መጣ፤ ሲያጠቃ ክንፉን ወደ ታች ይጥላል፣ ሲያርፍ ወደ ላይ ያነሳል። አዲስ መርከብ ነው፣ ግን ራስና አንገቱን ስታዩ የማን ዘር እንደሆነ ትለያላችሁ።

አሁን ልጅቷ ልትይዘኝ ትችላለች። በ1990 የታየው፣ ሪክ ስተርንባክ የሠራው ቮርቻ የተባለ የክሊንጎኖች መርከብ አንገቱ አጭርና ወፍራም ነው፤ እኔ የሠራሁትን ስህተት ሠርቶ ግን ተሳካለት። እውነት ነው፣ አልክድም። ልዩነቱ ዲ7 ነኝ አለማለቱ ነው፤ አዲስ ስም ይዞ እንደ ታናሽ ወንድም መጣ። በ2017 በተጀመረው ተከታታይ ግን ዲ7 ተብሎ የተጠራው መርከብ ዲ7ን የማይመስል ነበር፤ ተመልካቹም አጉረመረመ። በ2019 በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ድሮው ቅርጽ የቀረበ ዲ7 አመጡ። እንግዲህ ስሙን ካቆያችሁ ጥላውን አቆዩ፤ ጥላውን ከቀየራችሁ ስሙንም ቀይሩ።

የአንገቱን ነገር ሳስብ የጣና ደንገል ይመጣብኛል። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የሄደው ከዚሁ ከጣና ነው፤ የሠሯት ከቻድ የመጡ ሰዎች ናቸው። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች የጀልባዋ ጅራት ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ከወለሉ ጋር በገመድ ይያያዛል። ገመዱ ጌጡን ለማጉበጥ ብቻ መሰላቸውና አነሱት። በኋላ የገባቸው ግን ገመዱ የኋላውን ክፍል ደግፎ የያዘ መሆኑ ነው። ጅራቷ ረገበ፣ ማዕበል ገባ፣ ራ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በ1970 ሁለተኛይቱ ራ ደረሰች፤ እሷን የሠሯት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። የታንኳ ሠሪዎቻችንን ስለ አንዷ ማሰሪያ ብትጠይቋቸው የምትይዘውን ያውቃሉ፤ እኔ አንገቱ የሚይዘውን ሳላውቅ ነው የቆረጥኩት። አንገቱ ክብደት አይዝም፣ ዓይን ነው የሚይዘው፤ አዛዡን ከሞተሩ አርቆ መርከቡን የሚያጠቃ አውሬ ያስመስለዋል።

ስለዚህ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የድሮውን መርከብ ከጎን፣ ከላይና ከፊት አውጡና በጥቁር ሙሉት። ስፋቱን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አሳንሱት፣ ድራማውን ለሚያውቅ ሰው ለሦስት ሰከንድ አሳዩት። ከለየው የእናንተን እንደዚያው አድርጋችሁ አሳዩት። ጠዋት ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ ታንኳና የሞተር ጀልባን የምትለዩት በጥላቸው አይደለም? ባዶ ቦታም የጥላው አካል ነው፤ አንድሩ ፕሮበርት በ1988 የሠራውን የሮሙላኖች (የድራማው ሌሎች ጠላቶች) ትልቅ መርከብ የምንለየው በሁለቱ ክንፎች መካከል ባለው ክፍት ነው። ያን ክፍት ብትደፍኑት ዓሣ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የመስኮቱ መጠን ነው። 40 ሳንቲ ሜትሩ ሞዴል 200 ሜትር መርከብ ነው ካላችሁ ልኬቱ 1 ለ500 ነው፤ የ1 ሜትር መስኮት በሞዴሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 4 ካደረጋችሁት መርከቡ በዓይን 100 ሜትር ሆኖ ይቀራል። የእናንተ ትውልድ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ብሌንደር የሚባለውን የስሪዲ መሣያ ፕሮግራም ማንም ሳያስተምራችሁ ከስልክ ቪዲዮ ለምዳችሁ (እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል) የመጀመሪያውን ሰዓት ግን ቧንቧና ብሎን በማጣበቅ ታጠፉታላችሁ። ጥላው ሳይጸና የተለጠፈ ቧንቧ በኋላ ይነቀላል።

አንገቱን በምትሠሩበት ጊዜ ሽቦው ወደ ራሱና ወደ ክንፉ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ዘልቆ ይግባ፤ አንገቱ ላይ ብቻ ካበቃ መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል። ሁለቱ ግማሾች የተጣበቁበትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የታተመውን በመጋቢትና ሚያዝያ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ አትተዉት፤ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይልፈሰፈሳል፣ አንገቱም መጀመሪያ ይጎብጣል።

አንቺ ልጅ፣ መልሴ ይኸው። ፋይሉን ሳትነኪ የጎኑን ጥላ በጥቁር ሞልተሽ ላኪልኝ፤ የአንተንም ካለህ፣ የሽቦውን መላ ያመጣኸው ልጅ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ። አንገቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ከጎኑ ጻፉበት።