መብራቱን አጥፉ፣ መጋረጃውን ክፈቱ፦ ልጅን ቤት ውስጥ ፎቶ ስለማንሳት

ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ናቸው። አብዛኞቹ “ምን ካሜራ ልግዛ?” ብለው ይጀምሩና ሲነበቡ የብርሃን ጥያቄ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ካሜራውን ለጊዜው እንተወውና ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ስልኬ ጥሩ ነው ይባላል፤ ውጭ ሳነሳት ምንም አይልም። ቤት ውስጥ ግን ግማሽ ፊቷ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ግድግዳ ጋ አቁሜ ሳነሳት ደግሞ ፊቷ ይጨልማል፣ ዓይኗ ራሱ አይለይም። ያን ክብ መብራት ልግዛ እንዴ?

መልስ፦ አይ፣ ገንዘብሽን ያዢ። መጀመሪያ አምፖሉን አጥፊው። እውነቴን ነው፤ ቀን ላይ ቤት ውስጥ ፎቶ ስታነሺ ዋናው አስቸጋሪ የበራ አምፖል ነው። የቀን ብርሃን በቀለም መለኪያው ወደ 5500 ኬልቪን ይጠጋል፣ ቢጫው የቤት አምፖል ደግሞ 2700 አካባቢ ነው። ስልክሽ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስታረቅ አይችልም፤ አንዱን ነጭ ካደረገው ሌላው ወይ ቢጫ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ መስኮት ፈልጊ። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበትን አይደለም፤ እሱ ዓይኗን ያስጨፍናታል፣ አፍንጫዋ ሥርም ድርቅ ያለ ጥላ ይጥላል። ሌላ መስኮት ከሌለሽ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርጂበት፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ልጅቷን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አራቂና ፊቷን ወደ ብርሃኑ ገደድ አድርገሽ አስቀምጫት። መስኮቱ ከጎን ይሁን እንጂ ከጀርባዋ እንዳይሆን፣ አለዚያ የምታነሺው ጥላዋን ብቻ ነው። ከመስኮቱ ራቅ ያለው ጉንጯ ከጨለመብሽ፣ ወንበር መደገፊያ ላይ ነጭ አንሶላ ጣል አድርጊና በዚያ በኩል አስጠጊላት። አንሶላውን ስታቀርቢውና ስታርቂው ጉንጯ ላይ የሚሆነውን ብቻ እዪ፣ ሲበቃሽ ታውቂዋለሽ።

ማረጋገጫው ዓይኗ ውስጥ ነው። ያነሳሽውን ፎቶ አጉልተሽ ተመልከቺ፤ መስኮቱ ከነፍሬሙ ጥቃቅን ሆኖ ከብሌኗ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ካለ ዓይኗ ያበራል። ከሌለ ወይ ከመስኮቱ ርቃለች፣ ወይ አቀርቅራለች፤ አገጯን ትንሽ ቀና ካደረገች ብቅ ይላል።

ወደ ነጩ ግድግዳ እንምጣ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሞክረው። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት አብሮ ይሰምጣል። አዳዲስ ስልኮች ፊት ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ግን ሁሌ አይሳካላቸውም። አንቺ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ጫን ብለሽ ያዢ፤ በብዙ ስልኮች ፎከሱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ ጣትሽን ወደ ላይ ሳብ አድርጊ፣ ፎቶው ይበራል። ግድግዳው ከነጣ ይንጣ፣ ፎቶው የግድግዳው አይደለም።

ክቡ መብራት መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ማታ ማታ ያግዛል። ግን ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ ዓይን ውስጥም ነጭ ቀለበት ይተዋል። እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ጥያቄ፦ ካሜራ ከነሌንሱና ከነፍላሹ ገዛሁ። ልጄ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከአሥር ፎቶ ዘጠኙ ብዥ ይላል። ፍላሽ ሳበራ ደግሞ ፊቱ ተለጥጦ ይነጣና ከኋላው ጥቁር ጥላ ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካሜራህን ከአውቶማቲክ አውጣው። ተቀምጦ ለሚጫወት ልጅ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ አድርገው፣ ለሚሮጥና ለሚዘል 1/500። ቤት ውስጥ እንዲህ ሲፈጥን ብርሃን ያጥረዋል፣ ስለዚህ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ወደ 1600 ከፍ አድርግ፤ ካስፈለገም ከዚያ በላይ። ሰዎች ፎቶው ላይ ያ አሸዋ የመሰለ ነገር እንዳይመጣ ይፈሩና አይኤስኦውን 200 ላይ ቀርቅረው ይተዉታል። አሸዋው ኤዲት ሲደረግ ይቀንሳል፣ ብዥ ያለው ግን ብዥ እንዳለ ይቀራል።

ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚለው ከሆነ፣ ዙሙን 55 ላይ ስታደርሰው ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። 50 ሚሊሜትሩ ባለ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ አንድ ነገር ትገዛለህ ብትለኝ እሱን ነው የምልህ። ግን 1.8 ላይ በቅርብ ስታነሳ አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል፣ 2.8 ላይ ብትይዘው ይሻላል፤ ፎከሱም ወደ አንተ በሚቀርበው ዓይን ላይ ይሁን።

ፍላሹን ፊቱ ላይ አታነጣጥር። ጭንቅላቱ የሚዞር ከሆነ ወደ ነጭ ኮርኒስ ወይም በጎንህ ወዳለው ነጭ ግድግዳ አዙረው፤ ያኔ ብርሃኑ ከትንሿ አምፖል ሳይሆን ከሰፊው ግድግዳ ይመጣል፣ ጥላውም ይለሰልሳል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ሲሆንና ልጁ ከሥሩ ሲቆም ዓይኑ ጎድጓዳ ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ ከሁለቱ ግድግዳውን እመርጣለሁ። ግድግዳው አረንጓዴ ከተቀባ ልጅህም አረንጓዴ እንደሚሆን እወቅ። በፍላሽ ስታነሳ ሹተሩ 1/200 ይበቃሃል፣ እንቅስቃሴውን ብልጭታው ራሱ ያቆመዋል።

ሌላው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ በል። ቆመህ ስታነሳ ጭንቅላቱን እንጂ ፊቱን አታገኝም። “ሳቅ በል” ማለትንም ተወው፣ ጥርስ ማግጠጥ ነው የሚያስተምረው። መስኮቱ ጋ አንድ ሥራ ስጠው፤ የጫማ ማሰሪያ ይፍታ፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን ይፈልግ። ቀና ሲል አንተ ተዘጋጅተህ ጠብቀው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የልጅ ልጄን እናቷ ሁሌ በፍላሽ ታነሳታለች። ለሕፃን ዓይን አይጎዳም ወይ? ዓይኗስ ለምን ቀይ ሆኖ ይወጣል? ባለፈው ደግሞ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ሆኖ አየሁት።

መልስ፦ እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የተለመደው የካሜራ ብልጭታ በጣም አጭር ነው፤ ዓይን ይጎዳል የሚባል ነገር አልተረጋገጠም። ሕፃን ያስደነግጣል እንጂ። ቀይ የሚሆነው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ብሌኗ ሰፍቶ ስለሚከፈት ነው፤ ብርሃኑ ገብቶ ደም ስር የበዛበትን የዓይን ጀርባ ይነካና ተመልሶ ወደ ሌንሱ ይመጣል። ክፍሉ ወገግ ካለ ወይም ፍላሹ ከሌንሱ ራቅ ካለ ይጠፋል።

ነጩን ግን በዝምታ አይለፉት። ብዙ ጊዜ ዓይኗ ገደድ ብሎ ብርሃኑ ሲያገኘው ብቻ የሚፈጠር ነገር ነው። ሆኖም አንዱ ዓይን ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ መታየት የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር በብዛት የሚያገኘው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፣ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል። ሌላ ፎቶ ላይ እስኪደገም ሳትጠብቁ የዓይን ሐኪም ይያት። ፎቶውንም ሳትነኩት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀይ ዓይን ማጥፊያ የሚባለው ኤዲት ሐኪሙ ማየት ያለበትን ሊሸፍነው ይችላል።

ጥያቄ፦ የስልኬ ፖርትሬት ሞድ፣ ያ ከኋላ ያለውን ብዥ የሚያደርገው፣ የልጄን ፀጉር ዳር ዳሩን ይበላዋል። ለምን?

መልስ፦ ብዥታው የሌንስ ሳይሆን የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ነው። ስልኩ ፀጉሩ የት እንደሚያልቅ ይገምታል፣ ጥቅልል ፀጉር ላይ ደግሞ ይሳሳታል። አጥፊውና ልጁን ከኋላው ካለው ግድግዳ አርቂው። ሁለት እጥፍ የሚለውን ዙም ተጠቅመሽ ትንሽ ወደ ኋላ በይ፣ በጣም ስትጠጊ አፍንጫና ግንባር ይተልቃሉ። ሌንሱንም ጥረጊው፣ ልጆች መነካካት ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ኤዲት ሳደርግ ልጄ አሻንጉሊት ትመስላለች። የት ላይ ላቁም?

መልስ፦ ቆዳ ማለስለሻውን ከመንካትሽ በፊት። የልጅ ቆዳ መለስለስ አያስፈልገውም፣ ያ መሣሪያ ለእሷ አልተሠራም። የፎቶ ኤዲት መተግበሪያው ስናፕሲድም ሆነ ላይትሩም፣ አካሄዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ቁረጪው፣ ቀጥለሽ ቀለሙን አስተካክዪ፣ ከዚያ ብርሃኑን፣ በመጨረሻ ጥላውን ትንሽ ከፈት። ለቀለሙ ፎቶው ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ፈልጊ፣ የካናቴራዋ አንገት ይሁን ሌላ፤ ያ ነጭ ሲሆን ፊቷም ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። ፊቷን ማብራት ሌላ፣ መልኳን ማንጣት ሌላ፤ ሁለተኛውን አታድርጊ።

ነገ የሚጠፋውን አጥፊው፦ ንፍጥ፣ የምግብ ፍርፋሪ፣ ቧጨራ። ማርያም የሳመቻት ምልክት ግን ይቆይ። ቀለሙ በምንም መንገድ እምቢ ካለሽ ጥቁርና ነጭ አድርጊው፣ ብዙ የተበላሸ ብርሃን በዚያ ተርፏል። ስትጨርሺ ስልኩን አስቀምጪና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከዋናው ጋር አስተያዪው፤ ያኔ የበዛው ነገር ራሱ ይታይሻል።

ለማሳተም 10 በ15 ሴንቲሜትር ከፈለግሽ 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል። በቴሌግራም ለማተሚያ ቤት ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ ይጨመቃል። በይፋ የምትለጥፊው ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ የት እንደሆነ የሚናገረውን የቦታ መረጃ ከፎቶው አጥፊ።