በትልቅ ከተማ በብዕር ማደር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የምትጽፉት ከተለያየ አገር ስለሆነ ዋጋ በብር ወይም በዶላር አልጠራም፤ መለኪያዬ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። «ይህ ሥራ የኪራዬን ስንት እጅ ይሸፍናል?» የሚለው ስሌት የትም ከተማ ይሠራል። ደግሞም ጸሐፊን ቀድሞ የሚያንገዳግደው ኪራይ ነው፦ ኪራይ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ የጽሑፍ ክፍያ ግን ቀን የለውም።

ጥያቄ፦ በጽሑፍ ብቻ ለመኖር በሰዓት ስንት ላስከፍል? እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ የመጣልኝን ቁጥር ነው የምጠራው።

መልስ፦ ቁጥሩን ከወጪህ ተነስተህ አውጣው። ኪራይህን 1 በል። ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ ልብስና ሕክምና ተደምሮ 1.5 ይሁን፤ ግብር፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት 0.5። በወር 3፣ በዓመት 36 ኪራይ ሆነ። ለክፉ ቀን 4 ጨምርበትና 40 አድርገው። የአንተ ወጪ ከዚህ ከተለየ የራስህን አስገባ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 46 ሳምንት ብትሠራ 1,840 ሰዓት ነው። ሐሳብ ማቅረብ፣ ኢሜይል መመለስ፣ ውል ማንበብና ያልተከፈለ ሒሳብ ማሳደድ ግማሹን ይበላዋል፤ ለዚህ ማንም አይከፍልህም። የሚከፈልበት 900 ሰዓት ገደማ ይቀርሃል። 900ን ለ40 ስታካፍል፣ የአንድ ወር ኪራይ ለማግኘት የተከፈለበት 22 ሰዓት ተኩል ያስፈልግሃል ማለት ነው።

በአንድ ጽሑፍ ላይ እንየው። 1,200 ቃል፣ ሁለት ሰው የሚጠየቅበት። መነሻ ንባብ 3 ሰዓት፣ ቃለ መጠይቅ ከነመንገዱ 3፣ የተቀዳውን ድምፅ እየሰሙ መገልበጥ 4፣ መጻፍ 4፣ ከአርታኢ ጋር ማረም 2። ድምሩ 16 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ቢያንስ የኪራይህን 70 በመቶ ሊሆን ይገባል። ከዚያ ካነሰ ወይ ተጠያቂውን ወደ አንድ ሰው አውርደው፣ ወይ ከሰበሰብከው መረጃ ለሌላ ቦታ የሚሆን ሁለተኛ ጽሑፍ አውጣበት፣ ወይ ተወው። ብዙ ሰው የሚከስረው የጻፈበትን 4 ሰዓት ብቻ ቆጥሮ «ደህና ከፈሉኝ» ስለሚል ነው።

ጥያቄ፦ የሚከፍሉኝ በቃል ነው። በአማርኛ ስጽፍ ግን ቃሉ ቶሎ አይሞላልኝም። እኔ ነኝ ችግሩ?

መልስ፦ ችግሩ ቆጠራው ነው፣ እህቴ። አማርኛ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም፣ ምክንያቱንም በአንድ ቃል ያስራል። «ስላልነገርኳት» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ያንኑ ለማለት አምስትና ስድስት ቃል ያስቆጥራል። በእንግሊዝኛ የተተመነን የቃል ዋጋ ወደ አማርኛ ሥራ ያመጣ አሠሪ ሳያውቀው፣ አንዳንዴም እያወቀ፣ ዋጋሽን ቆርጦታል።

ለትርጉም ሥራ ውሉ ላይ «ቆጠራው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነው» የሚል አስገቢ። ወደ አማርኛ ስትተረጉሚ የሚቆጠረው የተሰጠሽ፣ ከአማርኛ ስትተረጉሚ ደግሞ የምታስረክቢው ይሆናል ማለት ነው። ለራስሽ ጽሑፍ ግን በቃል አትዋዋዪ፣ በአንድ ጽሑፍ ተዋዋዪ። የቃል ክፍያ አንድ ሌላ ጠንቅም አለው፦ አርታኢው 300 ቃል ሲቆርጥ ገንዘብሽንም አብሮ ይቆርጣል። «ክፍያው በታዘዘው ርዝመት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህንን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሥራ አለኝ፣ ገንዘብ ግን የለኝም። ያስረከብኩት ሁሉ ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚከፈለኝ። በዚህ መሀል ምን ልብላ?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይከብዳል። መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚተኛ እንይ። ጽሑፉ በ2ኛው ሳምንት ተረከበ እንበል። አርታኢው በ5ኛው ያነበዋል፣ በ9ኛው ይታተማል። ውሉ «ክፍያ ከታተመ በኋላ» ካለ የክፍያ መጠየቂያህን ያኔ ታስገባለህ፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ 30 ቀን አለው። 13ኛው ሳምንት ደረሰ፣ አንተ ሦስት ጊዜ ኪራይ ከፍለሃል። ማንም አልበደለህም፤ ውሉ ራሱ እንዲህ ተጽፎ ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት በቀኑ ተደራደር። «ከታተመ በኋላ» የሚለውን «ተቀባይነት ካገኘ በኋላ» ብታስቀይረው አራት ሳምንት ታተርፋለህ፤ ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ቢቀርም ይከፈልሃል። ለዚህ እሺ የሚል አርታኢ ዋጋ ጨምር ስትለው እሺ ከሚለው ይበዛል፤ ከበጀቱ የሚወጣ ተጨማሪ ሳንቲም የለማ። ከሁለት ሳምንት በላይ ለሚፈጅ ሥራ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቀብድ ጠይቅ።

የክፍያ መጠየቂያውን ጽሑፉን ባስረከብክበት ቀን ላክ። ቁጥር፣ ቀን፣ የጽሑፉ ርዕስ፣ ያዘዘህ ሰው ስም፣ የባንክ ሒሳብህ፣ የመክፈያ የመጨረሻ ቀን ይኑረው። አንዱ ሲጎድል ሒሳብ ክፍል ሳይነግርህ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ የ30 ቀኑ ቆጠራም አይጀምርም። የብዙ የዘገየ ክፍያ ምክንያቱ ይኸው ተራ ነገር ነው።

ሕግ የሚያግዝበት ቦታም አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የፍሪላንስ (ሳይቀጠሩ በየሥራው እየተዋዋሉ የሚሠሩት) ሥራ የጽሑፍ ውል እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ውሉ ቀን ካልቆረጠ ክፍያው ሥራው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። በእንግሊዝ የ1998ቱ የዘገየ ክፍያ ሕግ በንግድ ዕዳ ላይ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ በላይ 8 በመቶ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። በምትኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ማስታወሻህ ላይ የአንቀጹን ቁጥር መጥቀሱ ብቻ ይበቃል።

የመጨረሻው ምክሬ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ቋት ማጠራቀም ነው። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። የግብሩን ድርሻ ያንኑ ቀን ለይ። ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ ለራስህ እኩል «ደሞዝ» ክፈል፤ ጥሩ ወር ስለመጣ ብቻ ደሞዝህን አታሳድግ።

ጥያቄ፦ ታዝዤ የጻፍኩትን «አቅጣጫችን ተቀየረ» ብለው ሰረዙት። ይከፈለኛል?

መልስ፦ ውሉ ላይ የስረዛ ክፍያ ካለ፣ አዎ። የተለመደው ከ25 እስከ 50 በመቶ ነው። ከሌለ ልመና ነው የሚሆነው። የስረዛ ክፍያ የሚገባው ግን እነሱ ሐሳብ ሲቀይሩ ነው፤ የታዘዝከውን በታዘዝከው መሠረት አስረክበህ ከተቀበሉ በኋላ የመጣ ስረዛ ሙሉ ክፍያ ይገባዋል። ጽሑፉም ያንተ ሆኖ ይመለሳል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለሌላ አቅርበው፣ ሳይበርድ።

ጥያቄ፦ ለአርታኢዎች ሐሳብ እልካለሁ፣ መልስ የለም።

መልስ፦ የላክሽውን ባላየውም ብዙዎች የሚልኩት ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ አርታኢ የሚገዛው ግን ታሪክ ነው። «በከተማ ስላለው የቤት ችግር መጻፍ እፈልጋለሁ» ርዕሰ ጉዳይ ነው። «አንድ ክፍል በፈረቃ ተከራይተው፣ አንዱ ቀን ሌላው ሌሊት የሚተኛበት ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፤ ሁለቱም ለመናገር ፈቅደዋል» ታሪክ ነው። ከ200 ቃል አይብለጥ፤ ምን እንዳገኘሽ፣ ለምን አሁን፣ ማንን እንደምታናግሪ፣ ስንት ቃል፣ መቼ እንደምታስረክቢ ይያዝ። በ10 ቀን መልስ ካልመጣ አንድ መስመር አስታውሺ፤ ከዚያ በሳምንቱ ለሌላ ላኪ።

ጥያቄ፦ «ስምህ ይታወቅልሃል» እያሉ በነጻ ያጽፉኛል።

መልስ፦ ስም ኪራይ አይከፍልም። ያንተን ጽሑፍ የሚያነቡት ሰዎች በኋላ ሥራ የሚሰጡህ ከሆኑ አንድ ጊዜ ጻፍላቸው፤ ለሁለተኛው ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አሳታሚ 10 በመቶ ሮያሊቲ (ከሽያጩ ለደራሲው የሚታሰብ ድርሻ) አቀረበልኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ከምኑ ላይ 10 በመቶ? ከመጽሐፉ ሽፋን ዋጋ ከሆነ የተለመደ ነው። አሳታሚው ከሚደርሰው ገቢ ላይ ከሆነ ግን፣ አከፋፋይና መደብር ግማሹን ስለሚወስዱ፣ 5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ገንዘቡ ግማሽ።

በጥሩው ውል እንኳ አስላው። 2,000 ቅጂ ተሸጠ፤ 10 በመቶው የ200 መጽሐፍ ዋጋ ነው። ከአሳታሚ ጋር የሚደራደርልህ ወኪል ካለህ 15 በመቶውን ይወስድና የ170 ይቀራል። መጽሐፉ ሁለት ዓመት ፈጅቶብህ ከነበረ በወር የ7 መጽሐፍ ዋጋ አገኘህ። ይህን የምለው እንዳትጽፍ አይደለም፤ በሮያሊቲ ተማምነህ የቤት ውል እንዳትፈርም ነው።

የቅድሚያ ክፍያ ካለ እሱን ቁምነገር አድርገው። ከሮያሊቲህ የሚታሰብ ነው፤ መጽሐፉ ባይሸጥ በተለመደው ውል አይመለስም፣ ረቂቁን ካላስረከብክ ግን ይመለሳል። በሦስት ተከፍሎ ሲፈረም፣ ሲረከብና ሲታተም ስለሚሰጥ «ትልቅ» የተባለው ገንዘብ ሁለት ዓመት ላይ ይበተናል።

ከመፈረምህ በፊት «ሁሉንም መብት» የሚለውን ቃል ፈልግ። ለወረቀት ኅትመት ብቻ የመጣ አሳታሚ የድምፅ፣ የትርጉምና የፊልም መብት ምን ያደርግለታል? የማይጠቀምበትን አስወጣ። ዘመኑንም ወስን፣ ለምሳሌ 5 ወይም 7 ዓመት። የ1886ቱ የበርን ስምምነት የደራሲ መብት ቢያንስ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ብዙ አገሮች ወደ 70 አሳድገውታል። «ለዘላለም» ብለህ ስትፈርም የምትሰጠው የልጆችህንም ድርሻ ነው። በመጨረሻም በየስድስት ወሩ የሽያጭ ዝርዝር እንዲደርስህና መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ እንዲመለስልህ አስጽፍ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ራሴ ባሳትመውስ?

መልስ፦ የሽፋን ዋጋው 100 ይሁን። መደብሩ 40 ይወስዳል፣ 60 ይደርስዎታል። 1,000 ቅጂ እያንዳንዱ በ30 ቢታተም 30,000፤ አርትዖት፣ ገጽ ቅንብርና ሽፋን 18,000። ድምሩ 48,000 ነው፤ ወጪዎን ለመመለስ 800 ቅጂ መሸጥ አለብዎ። ትርፉ ያለው በመጨረሻው 200 ውስጥ ነው፣ 12,000። እንግዲህ ለወዳጅ ዘመድ በነጻ የሚያድሏቸው 50 መጻሕፍት የሚወጡት ከዚያ ላይ ነው፦ 3,000፣ የትርፉ ሩብ። በዱቤ ለመደብር የሰጡትንም በየወሩ እየዞሩ ካልቆጠሩ የተሸጠውና የቀረው ይቀላቀልብዎታል። መጀመሪያ 300 ማሳተም በአንዱ ቅጂ ውድ ይሆናል፤ አልጋ ሥር ከሚቀመጥ 600 መጽሐፍ ግን ይረክሳል።

ጥያቄ፦ የአንድ ባለሀብት የሕይወት ታሪክ በእሱ ስም እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ክብር የለውም ይሉኛል።

መልስ፦ ኪራይ ከሚከፍሉ ሥራዎች አንደኛው ይኸው ነው። ለ60,000 ቃል መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ሰዓት የተቀዳ ጭውውት ያዢ። ክፍያውን በአራት ከፍይ፦ ሲፈረም፣ የምዕራፍ ዝርዝሩ ሲጸድቅ፣ ረቂቁ ሲረከብ፣ ሲጠናቀቅ፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ። እርማት ሁለት ዙር፣ ከዚያ በላይ በሰዓት። የሚያጸድቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ይህ ካልተጻፈ ባለታሪኩ የወደደውን ምዕራፍ ወንድሙ ያስጥለዋል፣ አንቺም እንደገና ትጽፊያለሽ። የተናገረው ነገር ስም ማጥፋት ሆኖ ቢከሰስ ኃላፊነቱ የእሱ መሆኑም ይገለጽ።

ጥያቄ፦ ቋሚ ሥራ ይዤ ብጽፍ ጸሐፊነቴ ይሞታል?

መልስ፦ ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ከ1908 እስከ 1922 በፕራግ የሠራተኞች አደጋ መድን ተቋም ተቀጣሪ ነበር፤ ሥራው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው። የልቦለድ ደራሲው አንቶኒ ትሮሎፕ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ከጎህ ጀምሮ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው የሥራውን ዓይነት መምረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ጽፎ ማታ ልቦለድ መጻፍ ከባድ ነው፤ ሁለቱ የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ቢሮ ውስጥ የሚቀር ሥራ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከተማውን ልቀቅ?

መልስ፦ ባለፉት ስድስት ወራት በአካል በመገኘትህ ብቻ ያገኘኸውን ሥራ ቁጠር፤ ቃለ መጠይቅ፣ ችሎት፣ ቤተ መዛግብት፣ ከአርታኢ ጋር ቡና። ከገቢህ ሲሶ ካልሞላ የምትከፍለው ለማትጠቀምበት ነገር ነው፤ ዳር ውጣ ወይም ደባል ፈልግ። ለዕቃ መሸጫ የሚሆን አጠቃላይ ጽሑፍን ዛሬ ማሽን ስለሚጽፈው ዋጋው መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነው፤ ቦታው ተገኝቶ የሚሠራው ግን ገና ገዢ አለው።

ጥያቄ፦ ኪራይ ሊሞላ 10 ቀን ቀረው። እጄ ላይ ምንም የለም።

መልስ፦ አዲስ ጽሑፍ አትጀምሪ፤ በ10 ቀን አይደርስም። መጀመሪያ ቀኑ ያለፈበትን ዕዳ ሰብስቢ፤ ለአርታኢው ሳይሆን ለሒሳብ ክፍል ጻፊ። ቀጥሎ ቶሎ የሚከፈለውን ያዢ፦ ፊደል ማረም፣ ድምፅ መገልበጥ፣ የፊልም የግርጌ ጽሑፍ፣ ማስተማር፤ ግማሹን ቀድመው ካልከፈሉ አትጀምሪ። ለአከራይሽ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ከፊሉን ይዘሽ ሂጂ። ለሒሳብ ክፍል የምትልኪው ይህ ይብቃ፦

«የክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 14 የመክፈያ ቀኑ ካለፈ 12 ቀን ሆኖታል። ቅጂውን አያይዣለሁ። የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬ እንድልክ፣ ከሌለ ክፍያው የሚገባበትን ቀን እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»