መልስ፦ ለወንዝ ዳር መንገድ ጥቂት ኃይለኛ መብራት ወይስ ብዙ ለስላሳ?

“በቀበና ወንዝ ዳር ላለ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ጥቂት ኃይለኛ መብራቶችን በረጃጅም ምሰሶ ላይ ብንሰቅል ወጪ አይቀንስም ወይ?” ብለው ጠይቀዋል። የምሰሶው ቁጥር ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን ደመቅ ጨለም እያለ ይቆራረጣል። ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ያልፋል፤ ጥላ ውስጥ የቆመውን ሕፃን መቼ ሊያየው ነው?

እኔ ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚሆን ምሰሶ እመርጣለሁ። ከዛፎቹ ቅርንጫፍ በታች ስለሚሆን ቅጠል አይጋርደውም። በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በግምት ሳይሆን በብርሃን ስሌት ያስወስኑ። በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከሥራ ወደ አራት ኪሎ በእግሯ የምትመለስ እህታችን ከፊቷ የሚመጣውን ሰው ፊት መለየት አለባት። መሬቱን ብቻ ማብራት ለእርሷ ምንም አይፈይድም!

የብርሃኑ ቀለም ሞቅ ያለ (ወደ ቢጫ የሚያደላ)፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 3000 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ ለወንዝ ዳር ወፎችና ነፍሳትም ይሻላል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ሳጥኖቹን ግን የክረምት ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ያስቀምጡ።