መልስ፦ ስልኩን ሌላ ክፍል ተወው

«ላነብ ቁጭ ስል አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ስልክ ላይ ነው፤ ሰነፍ ሆኜ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም ወንድሜ። እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ አሁንም አንዳንዴ ያገረሽብኛል።

ድምፁን ማጥፋት ወይም ገልብጦ ማስቀመጥ ለኔ አልሠራም። ዓይኔ እስካየው ድረስ ልቤ እዚያው ነው። ሌላ ክፍል ስተወው ግን ተነሥቼ ለማምጣት ሰነፍኩ። ስንፍናም ለካ ይጠቅማል!

አደገኛዋ «አንዴ ብቻ ልየው» የምትለዋ ናት። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ አንዱን ሥራ ሳንቋጭ ወደ ሌላው ስንዘል ከሐሳባችን የተወሰነው የቀድሞው ላይ ይቀራል። መልእክቷን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ቢበቃህም፣ ወደ ገጹ ስትመለስ ሙሉ ለሙሉ አልተመለስክም። የግድ መነሣት ካለብህ የት እንደደረስክና ቀጥሎ ምን እንደምትሠራ በአንድ መስመር ጻፍ።

ሰዓት መሙላትም ሞክር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ የኩሽና ሰዓት የጀመረው ዘዴ አለ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። 25 ከበዛብህ በ10 ጀምር፤ ማን ይቆጣሃል? እረፍቱን ግን በስልክ አታሳልፈው። ተነሥተህ ተንጠራራ።

በመሃል ትዝ የሚልህን ነገር ሁሉ አጠገብህ ወረቀት ላይ ጣለው። እኔ አንድ ቀን 14 ነገር ጽፌ፣ ማታ ሳያቸው ቁም ነገር የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እንቅልፍህ ካነሰ ግን ይሄ ሁሉ ብዙም አይረዳህም። ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?