አማርኛዬ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለች ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አማርኛ በርቀት እማራለሁ፤ ዘንድሮ እጨርሳለሁ። አሳይመንቴን ከተማ ወርጄ ጽሕፈት ቤት አስተየብሁና በቴሌግራም ላክሁ። ማዕከሉ «አይነበብም» ብሎ መለሰልኝ። በስልኬ ስከፍተው እውነትም የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ጸሐፊዋ ግን «እኔ ጋ ደኅና ነው» ትላለች። ተበድሬም ቢሆን ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ እኅት ዓለም፣ ጸሐፊዋም አልዋሸችሽ፣ ማዕከሉም አልበደለሽ። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ የሚሰጡት ፋይሎች) ሆሄያችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር «ሰ»ን ያሳይሻል፤ ያልተጫነበት የወንበሩን ባለቤት ያወጣዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። በስልክሽ የምትጽፊው አማርኛ የትም የሚነበበው ለዚህ ነው።

አሁን ጸሐፊዋን «ፒዲኤፍ አድርጊልኝ» በያት፤ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። ሒሳብ ከመክፈልሽ በፊት ግን እዚያው በስልክሽ ክፈቺና እይው። ለሚቀጥለው ጽሑፉን ራስሽ በስልክ ጻፊው፤ እሷ ገጹን ታስተካክልልሽ፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ለላፕቶፕ አትበደሪ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ዘንድሮ እጨርሳለሁ» ብለሻል፤ የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ። ቴሌግራም ያቀላጠፈ ጣት ማውዝ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። እኔ ራሴ ደብረ ማርቆስ መጀመሪያ ማውዝ የያዝሁ ቀን ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስብኝ ጠረጴዛ ጨምሩልኝ ልል ነበር! ማንሣትና መሐል መልሶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ያሳየኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው።

ርእሰ መምህራችሁ ቢሮ ኮምፒውተር አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ አንድ ሰዓት ለምኚ። ፈተናው ውስጥ የሚገባው በይለፍ ቃል ነውና፣ እሱን የሚመስል ነገር ደጋግመሽ ጻፊ፤ የእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር ቀላቅለሽ። ስልክ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ራሱ ያተልቅልሻል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን «ሺፍት»ን ተጭነሽ ነው። ፊደሉን ሁሉ ትልቅ የሚያደርገው «ካፕስ ሎክ» ቁልፍ ሳይታወቅሽ ከበራ ትክክለኛውን ቃል ብታስገቢም አይቀበልሽም፤ ኪቦርዱ ላይ መብራቷን እያየሽ።